ለክብሯ የተጠራች ምስክር

የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች የክብር ቀን ሊከበር ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ መሥሪያ ቤቱ ከሁሉ አስቀድሞ ያደረገው ነገር የባለሙያዎቹን ክፍል መንጠቅ ነበር።

በሩ በደንብ የሚዘጋው ክፍል እሱ ብቻ ነው። ሰው ለእናቱ እንኳ ያልተነፈሰውን የሚተነፍስበት፣ አልቅሶ ሲበቃው ፊቱን ጠርጎ የሚወጣበት ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ የኪራይ ወንበር ቆለሉበት፣ የለስላሳ ሣጥን ደረደሩበት፣ «ከባለሙያዎቻችን ጎን ነን» የሚል ጥቅል ባነር አጋደሙበትና ቆልፈው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ባሏ የደበደባት፣ ልጁ የጠፋበት፣ ከቤቱ የተባረረው ሁሉ ጉዳዩን ኮሪደር ላይ፣ ከፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ ቆሞ፣ ኮፒ ሊያስደርግ የተሰለፈው ሰው ጆሮውን አቁሞ እየሰማው እንዲናገር ተፈረደበት። ክብሩ ይኼ ከሆነ ውርደቱ ምን ሊሆን ነው?

ይህን አፏን ሞልታ የተናገረችው አንዷ ብቻ ነበረች። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «አንዴ ቆዩ» ነው የሚሏት። ፖሊስም ይሁን ዳኛ፣ አለቃም ይሁን ሐኪም፣ ተጣድፎ የመጣባትን ሁሉ መጀመሪያ የምትለው እሱን ስለሆነ ነው። «አንዴ ቆዩ፤ ልጁን ጠይቃችሁታል?» «አንዴ ቆዩ፤ ሴትዮዋ ዛሬ የት ታድራለች?» ጫማዋ ሁልጊዜ በአንድ በኩል የተበላ፣ ሰው ቤት ስትገባ ወንበር ከሌለ ሳታንገራግር መሬት የምትቀመጥ፣ ከአርባ ያለፈች ሴት ናት።

ኃላፊው ቢሮ ገብታ «ክፍሉ ይከፈትልን» ብትለው ፈገግ አለ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር። ስብሰባ የሚወድ፣ ሪፖርት ሲያነብ ድምፁ የሚያምርለት፣ የአንድ ችግረኛ ደጃፍ ግን ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው።

«ተቀመጪ እስቲ» አላት። «ይልቅ ደስ የሚል ወሬ ልንገርሽ። የዘንድሮዋ ተሸላሚ አንቺ ነሽ።»

«እኔ የሚያስፈልገኝ ክፍሉ ነው።»

«ክፍሉማ የት ይሄዳል ብለሽ ነው? ደግሞ ለአንቺ ብቻ ያዘጋጀነው ነገር አለ። ምን እንደሆነ አሁን አልነግርሽም፤ መድረክ ላይ ታዪዋለሽ።»

አንዴ ቆዩ ማለት የነበረባት እዚህ ላይ ነበር። አላለችም። አንድ ዕቃ፣ አንድ አበባ፣ ቢበዛ አንድ ግጥም መስሏት ትከሻዋን ነቅንቃ ወጣች።

ቀኑ ሲደርስ አሞኛል ብላ ለመቅረት አስባ ነበር፤ ነገር ግን የጥሪው ካርድ እቤት ድረስ ሄዶ እናቷ እጅ ገባ። እናቷ ካርዱን ቴሌቪዥኑ ላይ አቆመችው። ይህች እናት የወንድ ልጇ ሥራ ይገባታል፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ መብራት ያበራል። የትንሿም ይገባታል፤ ነርስ ናት፣ መርፌ ትወጋለች። የትልቋ ሥራ ግን እስከ ዛሬ አልገባትም። «ሰው ቤት እየዞርሽ እንዴት ናችሁ ትያለሽ፤ እሱንማ እኔም ሳልማር እሠራዋለሁ» ትላታለች።

ከሁሉ ከሁሉ እናቷን የሚያንገበግባት ግን የሰላምታዋ ነገር ነው። ልጇ ገበያ መሃል፣ ሐኪም ቤት በር ላይ፣ አስፋልት ዳር፣ ዓይን ለዓይን የተጋጠመችውን ሰው እንደ ግድግዳ አልፋ ትሄዳለች። እናቷ ደግሞ መንገድ ላይ የማታውቀውን ሰው ልጆቹን ሳይቀር ጠይቃ የምታልፍ ሴት ናት። «ትምህርቱ አኮራብኝ» ብላ ለጎረቤት አልቅሳለች።

ኩራት አልነበረም፤ የሥራው ደንብ ነው። ጉዳዩን የያዝሽለትን ሰው መንገድ ላይ ብታገኚው ቀድመሽ ሰላም አትይውም። ቀድሞ ሰላም ካለሽ፣ አንቺም ሰላም ትያለሽ። ዝም ካለ እንደማያውቅሽ ታልፊያለሽ። ምክንያቱም አብራው ያለችው አክስት፣ ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ «ማናት እሷ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ያ ሰው ወይ ይዋሻል ወይ ጉዱን ያወጣል። ሰላምታን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶ ያደገ ሰው ይህን ለመልመድ ስንት ጊዜ ምላሱን እንደሚነክስ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው። ምክንያቱን ለእናቷ መንገር ደግሞ አይሆንላትም፤ ብትነግራት በነጋታው እናቷ ያለፈቻቸውን ሁሉ በዓይኗ እየለቀመች «እሷም? እሷም?» ማለቷ አይቀርም።

ከያዘቻቸው ሰዎች ሁሉ እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቃት አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። የልብስ ሰፊዋ ባል የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የማይደርስበት ከተማ፣ የማያውቁት መናኸሪያ የለም። ቀኝ እጇን በር መሃል አድርጎ የሰበረው ስፌቷን ስለጠላው ነበር። «ቀጥሎ አንገትሽ ነው» ብሏታል፤ የሚቀልድ ሰው አይደለም። አንድ ልጇን ይዛ ያመለጠችውን ይህችን ሴት፣ አንዴ ቆዩ ናት ከሌላ ከተማ ተቀብላ እዚህ ያስገባቻት። ዳር ላይ አንድ ክፍል ቤት ፈለገችላት፣ የኪራዩን ድጋፍ አስፈቀደችላት፣ ልጅቷን በዘዴ ትምህርት ቤት አስገባች። እነዚህ እናትና ልጅ የት እንዳሉ ከእሷ ሌላ የሚያውቀው፣ ድጋፉን የፈረመው ኃላፊው ብቻ ነበር።

በቀኑ እናቷ አዲስ ሻርፕ ጣል አድርጋ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ልጇን በክንዷ ይዛ አዳራሽ ገባች። ወንበሮቹ ነጭ የሚያብለጨልጭ ልብስ ለብሰዋል። ፊት ለፊት የቴሌቪዥን ካሜራ ተተክሏል፤ ከሱ አጠገብ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ስልክ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ቆሞ መድረኩን አፍጥጦ ያያል። አንዴ ቆዩ ወደ ፊት ስታልፍ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ልብስ ሰፊዋን አየቻት። ጎኗ ልጅቷ ተቀምጣለች፤ የትምህርት ቤቷን ዩኒፎርም ለብሳ፣ የትምህርት ቤቱ ስም ደረቷ ላይ በትልቁ ተጠልፎ።

አንዴ ቆዩ እግሯ አልቆመም። ዓይኗን ወደ መድረኩ አድርጋ አለፈች። ልብስ ሰፊዋም አንገቷን ደፋች፤ ደንቡን እሷም ታውቀዋለች። የኋላ ኋላ ሥጋዋን የበላት ይህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ከሥራው ዓለም ውጪ ያለ ማንኛውም ሰው ቢሆን፣ «ምነው እዚህ? ማን ጠራሽ?» ይል ነበር፤ በዚህ አንድ ጥያቄ ነገሩ ሁሉ ይቆም ነበር። እሷን ግን ስንት ዓመት የገራችው እግሯ ይዟት ሄደ። ተቀምጣም ለራሷ ምክንያት ሰጠች፤ የወንበሮቹን ልብስ የሰፋችው እሷ ትሆናለች፣ ለዚያ ነው የጠሯት አለች። እናቷ በበኩሏ ስታልፍ ልብስ ሰፊዋን «እንዴት ነሽ ልጄ፣ ደኅና ነሽ? ይቺ ያንቺ ናት? ታድጊ» ብላ፣ ልጅቷን ስማ፣ ቦታዋን ያዘች።

ንግግሩ ረዘመ። የክብር እንግዳው ባለሙያዎቹን «ያልተዘመረላቸው ጀግኖች» አሏቸው። ሁለት ጊዜ ደግሞ ተሳስተው «የማኅበራዊ ሚዲያ ባለሙያዎች» ቢሏቸውም ጭብጨባው አልቀረባቸውም። ኃላፊው ክፍሉን የቆለፈበትን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ይዞ ስለ «ምቹ የሥራ አካባቢ» ተናገረ። ከዚያ ሕዝብ ግንኙነቱ ማይክሮፎኑን ተቀበለ።

«ተሸላሚያችንን እኛ ብናወድሳት ለመሥሪያ ቤታችን አዳላችሁ ትሉናላችሁ» አለ ፈገግ ብሎ። «ስለዚህ ባለታሪኳ ራሷ ትመስክርላት። ከጨካኝ ባሏ አምልጣ ወደ ከተማችን የመጣች እናት ናት። ዛሬ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ በሰላም ስፌቷን እየሰፋች ትኖራለች። ከነልጇ ወደ መድረክ ትምጣልን።»

ሰው አጨበጨበ። ልብስ ሰፊዋ ልጇን በእጇ ይዛ ተነሳች።

አንዴ ቆዩ እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። መጀመሪያ የደረሰችው ስልኩ ጋ ነው፤ ከነማቆሚያው በግንባሩ ደፋችው። ቀጥላ የቴሌቪዥኑ ካሜራ ፊት ቆመችና መነጽሩን በመዳፏ ከደነችው። «እባክህ ወንድሜ፣ አጥፋው» አለችው። ካሜራ ያዡ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ ተወውና ካሜራውን ወደ መሬት አዘቀዘቀው። እሷ ግን መድረኩ ደረጃ ላይ ደርሳ ልብስ ሰፊዋን ክንዷን ይዛታለች።

«ማን ነው የጠራሽ?»

«እሳቸው ናቸው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በአገጯ ኃላፊውን እያሳየች። «የቤቱ ድጋፍ ሊታደስ ነው፣ አንድ ቀን ብትቸገሪልን ምናለበት አሉኝ። ልጅቷን ዩኒፎርሟን አልብሰሽ አምጫት፣ ያምራል አሉኝ። እምቢ ብል ቤቱን የማጣው መሰለኝ። ደግሞ ለአንቺ ምስጋና ነው ሲሉኝ እንዴት ልቅር?»

አንዴ ቆዩ ዞራ ኃላፊውን አየችው። በሕይወቷ ብዙ ሰው ጠልታለች፤ ሚስቱን የሚሰብር፣ ልጁን የሚያስርብ። እንደዚያች ቅጽበት ግን ጠልታ አታውቅም። ያ ባል ሴትዮዋን ሲፈልግ እያባበለ፣ እየዋሸ፣ በየከተማው እየተንከራተተ ነው። ይኼ ግን ስልክ አንስቶ ደወለላት፤ መጣችለት።

ኃላፊው እየተጣደፈ መጥቶ በጆሮዋ «ምን ነካሽ? እንግዳው እያዩ ነው። አንድ ደቂቃ ብቻ ትናገርና ትውረድ» አላት።

«የስልክ ቁጥሯን ለዚህ ነው የሰጠሁዎት?»

«ለአንቺ ክብር ብለን እኮ ነው።»

የክብር እንግዳው ከወንበራቸው ሆነው «ምንድነው ችግሩ? ለእኛም ይነገረን» አሉ። ሕዝብ ግንኙነቱ ማይክሮፎኑን አፏ ሥር ደቀነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የጠበበባት። ልታስረዳ ትችላለች፤ ማስረዳት ማለት ግን መናገር ነው። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳለ፣ ሴትዮዋ ለምን እንደተደበቀች ብትዘረዝር፣ እሷው ራሷ የቀረውን ምስጢር አውጥታ ልትጨርሰው ነው። እውነቱን ብትናገር አዳራሹ በሙሉ ከእሷ ጋር ይቆማል። ዝም ብትል ምስጋናዋን የረገጠች እብድ ናት።

«ምንም መናገር አልችልም» አለች። «ይቅርታ አድርጉልኝ።»

እናትና ልጅን ይዛ በመሃል መንገድ ወጣች። ከኋላዋ ጉምጉምታው ተነሳ። «ምቀኛ ናት እንዴ? ደሃዋ ሴት እንዳትናገር ነው?» አለ አንዱ። «ሥራው አእምሮዋን ነክቷት ነው» አለች ሌላዋ፣ ለስለስ አድርጋ። እናቷ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ በጆሮዋ ሰማች።

ግቢ ውስጥ ሕዝብ ግንኙነቱ ተከትሏት መጣ። «እትዬ፣ አሳፈርሽን» አለ። «ስልኬም ተሰንጥቋል።»

«ሲተላለፍ ነበር?»

«ገና መጀመሩ ነበር፣ አቋረጥሽው። ግን ችግር የለም፣ ፎቷቸውን ጠዋት ሲገቡ አንስቼ ከነስማቸው በገጻችን ለጥፌዋለሁ። ሰው በጣም ወዶታል፤ እየተቀባበሉት ነው።»

«አጥፋው። አሁኑኑ፣ እዚሁ ፊቴ አጥፋው።»

«ኃላፊውን ሳልጠይቅ?»

ስልኩን ከእጁ ነጥቃ እሷው ልታጠፋው ስትታገል የልብስ ሰፊዋ ስልክ ጮኸ፤ መልእክት ነበር። ልብስ ሰፊዋ አንብባ ስልኩን ለአንዴ ቆዩ አቀበለቻት። የላከችው፣ ጥላው በመጣችው ከተማ የነበረች፣ ቁጥሯን በምስጢር የሰጠቻት ጎረቤቷ ናት። «ዛሬ ፎቶሽን አየሁት፣ እንኳን ደስ አለሽ። ልጅሽም አድጋ የለ እንዴ» ይላል። ክፋት የለበትም። ጎረቤቷ ያየችውን ግን ባሏ የማያይበት ምክንያት የለም።

ታክሲ ጠርተው ሲገቡ እናቷ እየተነፈሰች ደረሰችና ሳትጠየቅ ከኋላ ገባች። በሩ ከመዘጋቱ ጀመረች።

«ሰው አክብሮ ሲጠራሽ እንዲህ ነው የሚደረገው? እኔ በስተርጅናዬ ምን በድዬሽ ነው? ሁሉም ዞሮ እኔን እኮ ነው የሚያየኝ። አንዲት ቃል ብትናገሪ ምን ነበር?»

እናቷ ልትቀጥል ስትል አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጅ አየች። ደረቷ ላይ ያለውን ጥልፍ በሁለት እጇ ሸፍናዋለች። ማን እንዲህ አድርጊ እንዳላት እንጃ። አሮጊቷ ሻርፗን አውልቃ ልጅቷ ላይ ጣል አደረገችላት።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ መስኮቱ ላይ ያልተጠናቀቀ የሰው ቀሚስ። ልብስ ሰፊዋ ምንም ሳትጠይቅ ዕቃዋን ማውረድ ጀመረች፤ ሸክፎ መሄድ ከዚህ በፊት ያየችው ነገር ነው። ልጅቷ ዩኒፎርሙን አውልቃ የቤት ልብሷን ለበሰች። የአንዴ ቆዩ እናት እጅጌዋን ሰብስባ አንሶላ ላይ ልብስ እየከመረች ታስራለች። ልብስ ሰፊዋ ቋጠሮ ልታጠብቅ ስትሞክር የቀኝ እጇ ጣቶች አልታጠፍ ሲሏት አሮጊቷ አየች። ቋጠሮውን ተቀብላት አሰረችና ወደ ልጇ ዞረች።

«መንገድ ላይ ሰላም ሳትያቸው የምታልፊያቸው» አለች ቀስ ብላ፣ «ሁሉም እንዲህ ናቸው?»

«እማዬ፣ አትጠይቂኝ።»

«እሺ። አልጠይቅም።»

ኃላፊው ደወለ። ከጀርባው የብርጭቆ ድምፅና ሳቅ ይሰማል። «እንግዳው ተቀይመው ነበር፣ አስታርቄሻለሁ» አላት። «ደክሟት ነው ብያቸዋለሁ። ሽልማቱን ባልደረባሽ ተቀብላልሻለች። ነገ መጥተሽ ፎቶውን ብቻ እንነሳ።»

«መኪናውን ይላኩልኝ» አለችው። «እነዚህን ሰዎች ከዚህ ማውጣት አለብኝ።»

«መኪናውማ እንግዶቹን እየመለሰ ነው። ነገ እናያለን።»

«ነገ የለም። እርስዎ ነዎት ያወጧት፤ እርስዎው መልሰው ይደብቋት። እኔ ላይ የሚለጠፍ ምስጋና ፈልገው ሰው ሸጡ። እሷ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ፎቶውን እርስዎው ብቻዎን ይነሱ።»

«ቃላቱን ብትመጥኚ» ብሎ ጀመረ። ዘጋችበት።

«ወንድምሽ የሥራ መኪና አለው» አለች እናቷ፣ ስልኳን ከቦርሳዋ እያወጣች። «መሰላሉን አውርዶ ይምጣ።»

«ለምን ብሎ ቢጠይቅሽስ?»

«እናቱ ነኝ። ለምን አይለኝም።»

ወንድሟ እመጣለሁ አለ። አንዴ ቆዩ ሩቅ ከተማ ያለች ባልደረባዋ ጋ ደውላ፣ ስም ሳትጠራ፣ በእነሱው አነጋገር «ሁለት ሰዎች አሉኝ፣ ዛሬ» አለች፤ ባልደረባዋም «ላኪያቸው» አለች። ቤቱ ባዶ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ ላይ የነበረውን ቀሚስ ላሰፋችው ሴት እንዲደርስ ለአከራይዋ ልታስረክብ ወጣች። ልጅቷ ቋጠሮው ላይ ተቀምጣ ወደ አንዴ ቆዩ ዞረች።

«እትዬ፣ እዚያስ ስሜ ማን ነው የሚሆነው?»

ልጅቷ ስትወለድ የወጣላት ስም እዚያው ጥለውት የሸሹት ከተማ ቀርቷል። እዚህ በሌላ ስም ነበር ያስመዘገቧት። አስተማሪዋ ስትጠራት ሳትደናገር አቤት ማለት የጀመረችው ገና በቅርቡ ነው። አሁን ያም ስም ከነፎቶው በየሰው ስልክ ላይ ተለጥፏል። አንዴ ቆዩ መሬት ላይ፣ ልጅቷ ፊት ተቀመጠች። ልትጮህ ፈለገች፤ የምትጮህበት ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

«የእኔን ውሰጂ» አለች እናቷ፣ የአልጋውን ፍራሽ እየጠቀለለች።

ልጅቷ ቀና አለች። «የእርስዎ ማን ነው?»

«እውነትሽን ነው፣ ማን ያውቀዋል። ሁሉም እማማ ነው የሚለኝ፤ የማይሠራበት ስም ነው» አለችና ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ነገረቻት።

ልጅቷ ፊቷን አኮሳተረች። «የአሮጊት ስም ነው።»

«ደግነቱ እሱ ነው። አሮጊትን ማን ይፈልጋታል ብለሽ ነው?»

ውጭ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ልጅቷ ቋጠሮዋን አነሳች። በር ላይ ስትደርስ ቆም ብላ፣ እንዴት እንደሚሰማ ለማየት፣ ስሙን ጮክ አድርጋ ጠራችው። አሮጊቷ ምላሷ ላይ የመጣውን አቤት ዋጠችው።